ሁለት ጊዜ የተጠገነ የዘይት ፍሳሽ

መኪናዬ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ ስትሆን፣ የተገጠመላት 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው ባለ 1,587 ሲሲ የቤንዚን ሞተር ነው። ከዚህ ሞተር ፊት የሚወጣውን ዘይት ለማስቆም ሁለት ጊዜ ተፈትቷል። የመጀመሪያው ጥገና ሦስት ሳምንት አልቆየም፤ ሁለተኛው ግን ይኸው ዓመት አልፎታል። በሁለተኛው ጊዜ የተለየ ያደረግነው ነገር ቢኖር፣ መፍቻ ከማንሣታችን በፊት ዘይቱ ከየት እንደሚነሣ ሁለት ቀን ሙሉ መፈለጋችን ነው። ተመሳሳይ ችግር የገጠመው ሰው እንደኔ ሁለት ጊዜ እንዳይከፍል የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ። እኔ መካኒክ አይደለሁም፤ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ ብሎን መፍታትና ማሰር የለመድኩትም በዚችው መኪና ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። መካኒኮች «የሞተር ፊት» የሚሉት ቺንጊያዎቹና እነሱን የሚያዞረው ትልቁ ክብ ብረት፣ ፑሊው፣ ያሉበትን ጎን ነው፤ ከካምቢዮ ጋር የሚገናኘው ጎን ደግሞ የሞተሩ ኋላ ነው። እንደ ድሮዎቹ ዲኤክስ ኮሮላዎች ሞተሩ በቁመት የተቀመጠ ከሆነ የሞተሩ ፊትና የመኪናው ፊት አንድ ይሆናሉ። እንደኔዋ በፊት ጎማ በምትነዳ መኪና ላይ ግን ሞተሩ በአግድም ስለሚቀመጥ፣ የሞተሩ ፊት የሚውለው ከቀኙ የፊት ጎማ አጠገብ ነው። ይህን ባለማወቄ መጀመሪያ ላይ መካኒኩን «ከፊት አይደለም፣ ከጎን ነው የሚፈሰው» እያልኩ ስከራከረው ቆይቻለሁ፤ እሱም በትዕግሥት ሰምቶኛል።

ችግሩን ያየሁት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ጠዋት መኪናዋን ከግቢ ሳወጣ ሲሚንቶው ላይ የሳንቲም ስፋት ያላት ጥቁር ጠብታ ነበረች። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ የነበረችው ሁለት ሦስት እየሆነች ሄደች፤ በወሩ መጨረሻ ከጎረቤት ጋር የምጋራውን ግቢ ላለማበላሸት ከሞተሩ ሥር ካርቶን ማንጠፍ ጀመርኩ። ጭቃው ደርቆ አቧራው ሲነሣ የሞተሩ የቀኝ ጎን ዘይትና አቧራ ተቦክቶ የሠራው ቅርፊት ለበሰ። ሞተሩ ሲሞቅ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር፤ የዲናሞው ቺንጊያም ዘይት ነክቶት ኖሮ ጠዋት ጠዋት ያፏጭ ጀመር። በሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ ግማሽ ሊትር ያህል እጨምር ነበር። ጠብታዋ ትንሽ ብትመስልም በመለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ከታችኛው ምልክት ሲወርድ ዝም ብሎ መንዳት አደገኛ ነው፤ ሞተር በዘይት እጥረት የሚደርስበት ጉዳት ከየትኛውም የጎማ ቀለበት ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

የሄድኩበት ጋራዥ መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ከሥር አየና ወዲያው «የክራንክ ኦይል ሲል ነው» አለኝ። ፍርዱ መሠረት የሌለው አልነበረም፤ ትልቁ ፑሊ ዙሪያውን በዘይት ርሶ ነበር፤ ከሱ ሥር ካለው የዘይት ቋት ጠርዝም ይንጠባጠብ ነበር። ክራንክ ወይም ክራንክ ሻፍት ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የሞተሩ ዋና ዘንግ ነው፤ ኦይል ሲል ማለት ደግሞ በሚሽከረከር ዘንግና በቆመ አካል መካከል ያለውን ክፍተት የሚዘጋ የጎማ ቀለበት ነው። ከውስጥ በኩል ቀጭን ከንፈር አለው፤ ከንፈሩን ከዘንጉ ጋር አጥብቆ የሚይዘው ከጀርባው የተጠመጠመ ቀጭን ሞላ ነው። ጎማው በሙቀትና በዕድሜ ብዛት ሲደርቅ ከንፈሩ ይጠነክርና ዘይት ማሳለፍ ይጀምራል፤ ይህን ያህል ዕድሜ ባላት መኪና ላይ ይህ ቢሆን አያስደንቅም። ጋራዡ በአንድ ቀን ፈትቶ፣ ቀይሮ ሰጠኝ። እኔም ካርቶኑን ጣልኩ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሌላ ካርቶን መፈለግ ነበረብኝ።

ወደዚያው ጋራዥ ከመመለሴ በፊት በሰፈራችን የሚኖሩ፣ ከሥራ በጡረታ የተገለሉ አንድ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፤ እኔም እዚህ እንዲያው ልጠራቸው። ኮፈኑን ከፍተው ብዙ ደቂቃ ዝም ብለው ካዩ በኋላ የጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ሞተሩን አጥበኸዋል?» አላጠብኩም ነበር። «እንግዲያው ገና ምንም አላየህም ልጄ» አሉኝ። «ዘይት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ፑሊው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ዙሪያውን ይረጫል፤ የቀረውን ነፋሱ ወደ ኋላ ይወስደዋል። እንዲህ በቆሸሸ ሞተር ላይ ከታች ያለው ሁሉ ጥፋተኛ ይመስላል።»

ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግነው ማጠብ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን፤ ዲናሞውንና ዲስትሪቢዩተሩን በፕላስቲክ ከረጢት ሸፈንናቸው፤ ቅርፊቱን በአሮጌ ካቻቢቴ ፋቅን፤ ከዚያም ነጭ ጋዝ በተነከረ ብሩሽ ፈግፍገን በሳሙና ውሃ አለቀለቅነውና በጨርቅ አደረቅነው። ለዚህ ሥራ ቤንዚን የሚጠቀሙ ሰዎች አሉ፤ እኔ ግን በሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት እሳት መጥራት ስለሚመስለኝ አላደርገውም። ነጭ ጋዙም ቢሆን ቺንጊያና የጎማ ቱቦ ላይ እንዳይቆይ ወዲያው መታጠብ አለበት። ቀጥለን የላይኛውን የታይሚንግ ክዳን፣ ማለትም ታይሚንግ ቤልት የሚባለውን ጥርሳም ቺንጊያ የሚሸፍነውን፣ ፈታን፤ ከሱቅ የተገዛ የሕፃናት ፓውደርም በቴስታታው (ቫልቮቹ ባሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ፊት፣ በቴስታታው ክዳን ጠርዝ፣ በዘይት መለኪያው ቱቦ ሥርና በታችኛው ክዳን ላይ ነፋንበት። ነጭ ፓውደር ላይ አዲስ ዘይት ሲወርድ መንገዱ እንደ ተሰመረ መስመር ይታያል። ሞተሩን ለሃያ ደቂቃ ያህል በቆመበት አስነሥተን አየነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ክዳኑ ተነሥቶ ሞተር ሲሠራ ጣት፣ እጅጌም ሆነ የተንጠለጠለ ልብስ ወደ ታይሚንግ ቤልቱ መጠጋት የለበትም።

ያገኘነው ከጠበቅሁት የተለየ ነበር። የቴስታታው ክዳን ጠርዝ ደረቅ ነው። ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ፣ ከካም ሻፍቱ፣ ትልቅ ማርሽ ጀርባ ግን እንደ ክር የቀጠነ የዘይት መስመር ወርዶ ከታችኛው ክዳን ውስጥ ገብቷል። ያ ዘይት በክዳኑ ውስጥ ለውስጥ ወርዶ ክራንክ ፑሊው ዘንድ ሲደርስ ነው ከውጭ የሚታየው፤ ስለዚህ ከሥር ሆኖ ለሚያይ ሰው የክራንክ ኦይል ሲል ፍሳሽ ይመስላል። በማግሥቱ ጠዋት ሁለተኛ ነገር ታየን። የዘይት መለኪያው ቱቦ ከዘይት ፓምፑ አካል ጋር በሚገናኝበት ቦታ ዙሪያ ፓውደሩ ርሶ ነበር። በዚህ ሞተር ላይ ቱቦው ወደ ፓምፑ የሚገባው በአንዲት ክብ የጎማ ቀለበት ታሽጎ ነው፤ ይህችን ቀለበት አብዛኛው ሰው አያስታውሳትም።

የሞተር ፊት ዘይት ሊያወጣ የሚችልባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ከላይ ወደ ታች መፈተሽ ግን ግድ ነው። ከሁሉ በላይ የቴስታታው ክዳን ጋስኬት (በመጋጠሚያው መካከል የሚገባው ማሸጊያ) አለ፤ በተለይም የፊት ማዕዘኖቹ። ከሱ ሥር የካም ሻፍቱ ኦይል ሲል ይመጣል፤ በዚህ ሞተር ታይሚንግ ቤልቱ የሚያዞረው አንዱን ካም ሻፍት ብቻ ስለሆነ፣ ሁለተኛውንም ያኛው በጥርስ ስለሚያዞረው፣ ከፊት ያለው ኦይል ሲል አንድ ነው። ከዚያ የመለኪያው ቱቦ ቀለበት፣ የዘይት ፓምፑና የሞተሩ አካል የሚገናኙበት ጋስኬት፣ የክራንክ ሻፍቱ የፊት ኦይል ሲል፣ በመጨረሻም የዘይት ቋቱ ጠርዝ። ከነዚህ ሁሉ ከፍ ያለውና ወደ ፊት የቀረበው እርጥብ ቦታ መጀመሪያ ይጠረጠራል፤ እሱ ሳይደርቅ ከሥሩ ባለው ላይ መፍረድ አይቻልም።

ጋሼ መፍቻ እንዳነሣ ከመፍቀዳቸው በፊት ግን ሌላም ነገር አዩ። ፒሲቪ የሚባለው የሞተር መተንፈሻ ቫልቭ በቴስታታው ክዳን ላይ በጎማ ተሰክቶ ይገኛል፤ ከፒስተኖቹ ጎን አልፎ ወደ ሞተሩ ሆድ የሚገባውን ጋዝ በአየር ማስገቢያው በኩል መልሶ እንዲቃጠል የሚያደርገው እሱ ነው። ሲዘጋ ጋዙ መውጫ ያጣና በሞተሩ ውስጥ ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱም ዘይቱን በደከመው ኦይል ሲል በኩል ይገፋዋል። የእኔን ነቅለው በጆሯቸው አጠገብ ሲያወዛውዙት ድምፅ አልነበረውም። ጤነኛ ሲሆን በውስጡ ያለው አካል ኳ ኳ ይላል፤ ከቴስታታው በኩል ሲነፋ አየር በቀላሉ ያሳልፋል፤ ከአየር ማስገቢያው በኩል ሲነፋ ግን በጭንቅ ነው የሚያሳልፈው። የእኔው በዝቃጭ ተደፍኖ ከሁለቱም በኩል አያሳልፍም ነበር። የመጀመሪያው ጥገና ያን ያህል ቶሎ የፈረሰው በከፊል በዚህ ምክንያት እንደሆነ እጠረጥራለሁ። ይህ ቫልቭ ደህና ሆኖም የዘይት መጨመሪያው ክዳን ሲከፈት ጢስ እየተትጎለጎለ የሚወጣ ከሆነ ግን ችግሩ የፒስተን ቀለበቶቹ መድከም ሊሆን ስለሚችል፣ ኦይል ሲል መቀየሩ ብዙ አይቆይም።

ዕቃ ፍለጋ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሁለት ኦይል ሲል፣ የመለኪያ ቱቦ ቀለበት፣ የቴስታታ ክዳን ጋስኬት፣ ፒሲቪ ቫልቭና ታይሚንግ ቤልት ገዛሁ። ታይሚንግ ቤልቱ ከተቀየረ ብዙም አልቆየም ነበር፤ ዘይት ጎማውን ስለሚያባብጠውና ጥርሶቹን ስለሚያልላቸው፣ በዘይት የራሰውን ጠርጎ መልሶ መግጠም ከአዲሱ ዋጋ የበለጠ ኪሳራ ነው። ለኦይል ሲል ግዢ የሞተሩን ስም መናገር ብቻ አይበቃም። በቀለበቱ ፊት ላይ የውስጥ ስፋቱ፣ የውጭ ስፋቱና ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ተጽፎ ይገኛል፤ ከአሮጌው ጋር ማመሳከር ይቻላል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ጥገና የተጣለውን አሮጌ ኦይል ሲል ሳልጠይቅ መተዌ ቆጭቶኛል። ከዚያ ውጭ ከንፈሩን በጣት ገፋ አድርጎ ማየት ይረዳል፤ ተገፍቶ ወዲያው የሚመለስ፣ ስንጥቅ የሌለበት፣ ሞላውም ከቦታው ያልወጣ መሆን አለበት። በመደርደሪያ ላይ ብዙ ዓመት የከረመ ኦይል ሲል አዲስ ቢባልም ከንፈሩ የደረቀ ነው። ለጥቂት ብር ልዩነት ብዬ ርካሹን አልወሰድኩም፤ የእጅ ዋጋውና የቀኑ ድካም ያው ነውና።

ሥራውን የጀመርነው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ ፈታን፤ የቀኙን የፊት ጎማ አውልቀን መኪናዋን በብረት ካቫሌቶ (መደገፊያ እግር) ላይ አሳረፍናት። በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር መግባት በሕይወት መቀለድ ነው፤ ጋሼማ ካቫሌቶውም አልበቃቸው ብሎ የወለቀውን ጎማ ከመኪናዋ ሥር አጋድመው አስገቡት። የጭቃ መከላከያው ፕላስቲክ ሲነሣ ትልቁ ፑሊ ፊት ለፊት ይታያል። የውሃ ፓምፑን ፑሊ አራት ብሎኖች የዲናሞው ቺንጊያ ሳይወጣ በፊት ማላላት ይሻላል፤ ቺንጊያው ፑሊውን እንዳይዞር ይይዘዋልና። ከዚያ ቺንጊያዎቹ ይወጣሉ። ታይሚንግ ቤልቱን ለማውጣት የቀኙ የሞተር መቀመጫ መነሣት ስላለበት፣ በዘይት ቋቱ ሥር ወፍራም ጣውላ አድርገን በሁለተኛ ክሪክ ሞተሩን በጥቂቱ ደገፍነው። ጣውላው ከተረሳ ክሪኩ ቋቱን ያጎደጉደዋል፤ ያኔ ሌላ ፍሳሽ ተገኘ ማለት ነው።

የቴስታታውን ክዳን ካነሣን በኋላ፣ ምንም ሌላ ነገር ሳንነካ ምልክቶቹን አስተካከልን። በክራንክ ፑሊው ላይ ያለውን ጭረት በታችኛው ክዳን ላይ ከተጻፈው ዜሮ ጋር አገጣጠምን፤ ከላይ ደግሞ በካም ሻፍቱ ማርሽ ላይ ያለችው ቀዳዳ በመያዣው ላይ ካለው ምልክት ጋር መግጠሟን አየን። ቀዳዳዋ በቦታዋ ካልተገኘች ክራንክ ሻፍቱን አንድ ሙሉ ዙር መጨመር ነው፤ ክራንኩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካም ሻፍቱ የሚዞረው አንድ ጊዜ ስለሆነ። ሁለቱንም በስልኬ ፎቶ አነሣሁ። ይህ ፎቶ ከሰዓት በኋላ፣ ድካም ሲመጣ፣ ከማስታወስ ችሎታዬ የበለጠ አገልግሎኛል።

የቀኑ ከባድ ክፍል የክራንክ ፑሊው ብሎን ነበር። 19 ቁጥር ቡሶላ (በብሎኑ ራስ ላይ የሚጠልቅ መፍቻ) ይወስዳል። ካምቢዮው የእጅ ስለሆነ አምስተኛ ማርሽ አስገብተን፣ አንድ ልጅ ፍሬኑን በደንብ እንዲረግጥ አድርገን፣ በቡሶላው እጀታ ላይ አንድ ሜትር ያህል የሚሆን የብረት ቱቦ ሰክተን በዝግታ ተጫንነው። ሁለት ጊዜ እምቢ ብሎ በሦስተኛው እንደ ጥይት ጮኾ ለቀቀ። አንዳንዶች እጀታውን ከመሬት ወይም ከሻንሲው አስደግፈው ስታርተሩን በመምታት ይፈቱታል፤ ሲሠራ አይቻለሁ፤ እጀታው ሳይታሰብ ሲወረወር ደግሞ የሰው እጅ ሊሰብር ይችላል፤ ስለዚህ አልመክረውም። ብሎኑ ከለቀቀ በኋላ ምልክቶቹ ስለተዛነፉ እንደገና ማስተካከል አለብህ። ፑሊው ካልወጣ በመንቀያ እንጂ በመዶሻ መምታት አይገባም፤ በውስጡ ጎማ አለው፣ ይሰነጠቃል።

የታይሚንግ ቴንሽነሩን፣ ማለትም የቤልቱን መወጠሪያ፣ ብሎን አላልተን ወደ ጎን ገፍተን አሰርነውና ቤልቱን አወጣነው። የካም ሻፍቱን ማርሽ ብሎን ለመፍታት ማርሹን በሌላ ነገር መያዝ ስህተት ነው፤ በካም ሻፍቱ ላይ ባለ ስድስት ጎን የሆነ ቦታ አለ፤ እሱን በመፍቻ ይዞ ብሎኑን መፍታት ይቻላል። በዚህ ሞተር ላይ ቫልቮቹና ፒስተኖቹ ስለማይገናኙ ካም ሻፍቱ በስህተት ቢዞር ጉዳት አያደርስም፤ በሌሎች ብዙ ሞተሮች ላይ ግን ቫልቭ ሊያጎብጥ ይችላል፤ የራስህን ሞተር ሳታውቅ አትሞክረው።

የክራንኩ የታይሚንግ ማርሽ ሲወጣ በጋራዡ የተገጠመው ኦይል ሲል ተገለጠ። ቀጥ ብሎ አልተቀመጠም፤ ከላይ በኩል ወደ ውስጥ ጠልቆ ከታች በኩል ወደ ውጭ ዘምሞ ነበር። ያም ብቻ አይደለም፤ አሮጌው ሲነቀል ካቻቢቴ የነካው ይመስላል፣ በክራንክ ሻፍቱ ላይ በቁመት የተጫረ ትንሽ ጭረት አለ። ዘንጉን ተሻግሮ የሚሄድ ጭረት፣ በጣም ቀጭን ቢሆን እንኳ፣ ዘይት ከከንፈሩ ሥር እንዲያልፍ ቦይ ይሆንለታል። ጋሼ ጥፍራቸውን በላዩ አሳለፉት፤ ጥፍር አልያዘም። ጥፍር የሚይዝ ቢሆን ኖሮ ስስ የብረት እጅጌ በዘንጉ ላይ ማልበስ ወይም አዲሱን ኦይል ሲል ከንፈሩ ባልተነካ ብረት ላይ እንዲያርፍ በጥቂቱ ወጣ ብሎ እንዲቀመጥ ማድረግ ይጠበቅብን ነበር። እኛ ግን 1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በዘይት ነክረን፣ በዘንጉ ዙሪያ እንጂ በቁመቱ ሳይሆን፣ ቀስ ብለን አለሰለስነው፤ ዱቄቱ ወደ ውስጥ እንዳይገባም ይህን ያደረግነው አሮጌው ኦይል ሲል ገና በቦታው እያለ ነው፤ ዙሪያውንም በጨርቅ ጠረግን።

አሮጌውን ለማውጣት የሚሻለው ዘዴ ከንፈሩን በስለታም ቢላዋ ቆርጦ ካነሡ በኋላ፣ ጫፉ በናስትሮ በተጠመጠመ ካቻቢቴ ከውጭ ጠርዙ መፈንቀል ነው። ናስትሮው ዘንጉን ከመጫር ያድነዋል። መቀመጫውን በንጹሕ ጨርቅ ጠርገን፣ የአዲሱን ከንፈር በስሱ ግራሶ ቀባን። ደረቅ ሆኖ የተገጠመ ከንፈር ሞተሩ በተነሣ በመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች ራሱን ያቃጥላል። ዘንጉ ላይ ሲያልፍ ከንፈሩ ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ በጣት ዙሪያውን እየረዱ ማስገባት ያስፈልጋል። ለመምታት የተጠቀምነው ስፋቱ ከኦይል ሲሉ የውጭ ጠርዝ ጋር የተመጣጠነ የቧንቧ ቁራጭ ነው፤ በመዶሻ በቀጥታ አንዱን ጎን መምታት ነው ያን ዝመት የሚያመጣው። ትንሽ መታ፣ ዙሪያውን በጣት መዳሰስ፣ እንደገና ትንሽ መታ፤ ከፓምፑ አካል ጠርዝ ጋር እኩል ሲሆን ማቆም። ይህን ብቻ ለመሥራት ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብናል፤ ያለ ጥድፊያ ሲሠራ የሚፈጀው ጊዜ ያ ነው። የካም ሻፍቱም በዚሁ መንገድ ተቀየረ፤ አሮጌው ሲወጣ በእጄ ላይ እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰበረ።

የመለኪያው ቱቦ በአንድ ብሎን የታሰረ ስለሆነ ወዲያው ወጣ፤ አዲሱን ቀለበት በዘይት አርሰን መለስነው። የዘይት ፓምፑን ጋስኬት አልነካነውም። ደረቅ ነበር፤ ፓምፑን ለማውጣት ደግሞ የዘይት ቋቱ መውረድ አለበት። «ከተከፈተ አይቀር» እየተባለ ያልታመመውን ሁሉ የመፍታት ልማድ አለ፤ እኔ በአንድ ቦታ ላይ ማቆም ተገቢ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ።

መልሶ መግጠሙ የመፍታቱ ግልባጭ ስለሆነ አላስረዝመውም፤ ሦስት ነገር ብቻ ልጥቀስ። የመጀመሪያው፣ ከቤልቱ ፊት የሚገባው ሳህን መሳይ ብረት ጎድጓዳ ጎኑ ወደ ውጭ መዞር አለበት፤ ተገልብጦ ከገባ የቤልቱን ጠርዝ ይበላዋል። ሁለተኛው የቤልቱ ውጥረት ነው። ምልክቶቹ ገጥመው ቤልቱ ከገባ በኋላ የቴንሽነሩ ብሎን ይላላና ሞላው እንዲስበው ይተዋል፤ ክራንክ ሻፍቱ በቀኝ አዙሪት ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ ከዞረ በኋላ ምልክቶቹ እንደገና መግጠማቸው ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ነው ብሎኑ የሚጠብቀው። በእጅ ሲዞር የሆነ ቦታ ላይ ከደነቀረ አስገድዶ ማዞር አይገባም። ሦስተኛው የማጥበቂያ ኃይሉ ነው፤ የቶዮታ የጥገና መመሪያ ለክራንክ ፑሊው ብሎን 118፣ ለካም ሻፍቱ ማርሽ 59፣ ለቴንሽነሩ 37 ኒውተን ሜትር ይላል። ቶርክ መለኪያ ያለው መፍቻ ከአንድ ወዳጄ ተዋስኩ። በቴስታታው ክዳን ጋስኬት ላይ ሲሊኮን ያደረግነው የፊተኛው የካም ሻፍት መያዣ ከቴስታታው ጋር በሚገናኝባቸው ማዕዘኖች ብቻ ነው፤ ጋስኬቱን ሙሉ በሲሊኮን የሚቀባ ሰው የተረፈው ወደ ውስጥ ወድቆ የዘይት ማጣሪያ ወንፊቱን ሊደፍን እንደሚችል ማወቅ አለበት።

ዘይቱንና ፊልትሮውንም አብረን ቀየርን፤ ከሦስት ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ይወስዳል። ሞተሩ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ተነሣ። ፓውደሩን እንደገና ነፋንና ለሃያ ደቂቃ አስኬድነው፤ ነጭ እንደሆነ ቀረ። በማግሥቱ ወደ ደብረ ብርሃን ነድቼ፣ ተመልሼ አየሁት፤ አሁንም ደረቅ ነው።

ቪትዝ ወይም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2000 ወዲህ የተሠራ ኮሮላ ላላቸው ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። በነዚያ ብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ከቤልት ይልቅ ሰንሰለት ነው ያለው፤ ሰንሰለቱን የሚሸፍነው ትልቅ የአሉሚኒየም ክዳን ከሞተሩ ጋር የተጣበቀው በሲሊኮን ነው። የክራንኩ ኦይል ሲል ብቻ ከሆነ የሚያፈሰው ክዳኑ ሳይፈታ ፑሊውን ብቻ በማውጣት ይቀየራል፤ ክዳኑ ራሱ በመጋጠሚያው የሚያፈስ ከሆነ ግን ሥራው ብዙ እጥፍ ስለሚሆን፣ ከመፍታት በፊት ማጠብና በፓውደር መመርመር ለነሱ ከእኔም የበለጠ ዋጋ አለው። 1ዜድዜድ-ኤፍኢ ሞተር ባላቸው ኮሮላዎች ላይ ደግሞ የሰንሰለቱ መወጠሪያ ክብ ቀለበት ደርቆ ዘይት ማውጣቱ የታወቀ ነው፤ እሱ ያለበት ቦታ በሁለት ዳዶ የሚፈታ ስለሆነ፣ የሞተር ፊት ይፈታ የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ እዚያ ላይ መብራት ማብራት ያስፈልጋል።

ካርቶኑ አሁንም ከመኪናዋ ሥር ይነጠፋል። ባለፈው ወር አንድ ጠብታ አየሁበትና ልቤ ደነገጠ፤ ተጎንብሼ ሳይ ግን የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ሥር ነው፤ ዘይት ስቀይር ሮንዴላውን አሮጌውን መልሼ ገጥሜው ነበር።